መብቱ ማንን ያስራል? ስለ አሜሪካ ሕገ መንግሥት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአሜሪካ ሕገ መንግሥታዊ መብት ሲነሳ ሦስት ጥያቄ አብሮ መነሳት አለበት። ግዴታው የተጣለው በማን ላይ ነው? መብቱ የሚጀምረው መቼ ነው? ቢጣስስ ፍርድ ቤቱ ምን ያደርጋል? ለዜግነት ፈተና የሚያጠና፣ መንገድ ላይ ፖሊስ ያስቆመው ወይም ከአሠሪው ጋር የተጋጨ ሰው የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱን ዘሎ የመብቱን ስም ብቻ ይዞ ሲቀር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የተከሰሰ ወይም የተያዘ ሰው ግን ጽሑፍ ሳይሆን ጠበቃ ነው የሚያስፈልገው።

የነጻነት አዋጁን ከሕገ መንግሥቱ ጋር ማደባለቅ

“ሕይወት፣ ነጻነትና ደስታን መሻት” የሚለው ሐረግ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም። የሚገኘው በጁላይ 4 ቀን 1776 በጸደቀው የነጻነት አዋጅ ውስጥ ነው። ሕገ መንግሥቱ የተረቀቀው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ነው። አምስተኛውና አሥራ አራተኛው ማሻሻያዎች የሚሉት ደግሞ ማንም ሰው ተገቢው የሕግ ሥርዓት ሳይፈጸም ሕይወቱን፣ ነጻነቱን ወይም ንብረቱን አያጣም ነው። የነጻነት አዋጁ የሚከበር ሰነድ ነው፤ ዳኛ ፊት ሲቆሙ ግን የሚጠቅሱት ሕገ መንግሥቱንና ሕጉን ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ። ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል የድሮው ጽሑፍ አይፋቅም፤ ማሻሻያው መጨረሻ ላይ ይቀጠላል። ስለዚህ አንቀጽ 1ን የከፈተ ሰው ሴናተሮችን የሚመርጡት የየስቴቱ ምክር ቤቶች ናቸው የሚል ያነባል። ይህ የተለወጠው በ1913፣ በአሥራ ሰባተኛው ማሻሻያ ነው። በባርነት የተያዘ ሰው ለውክልና ቆጠራ እንደ ሦስት አምስተኛ ሰው የሚታሰብበት አሳፋሪ አንቀጽም እስካሁን እዚያው ታትሞ አለ፤ ከሥራ ያወጣው አሥራ አራተኛው ማሻሻያ ነው። የአልኮል መጠጥ ማምረትና መሸጥን የከለከለው አሥራ ስምንተኛው (1919) በሃያ አንደኛው (1933) ተሽሯል፤ ሁለቱም ግን ከ27ቱ ማሻሻያዎች ይቆጠራሉ። ከዋናው ጽሑፍ አንድ መስመር ከመጥቀስዎ በፊት መጨረሻ ድረስ ወርደው አለመሻሩን ይመልከቱ።

የመናገር ነጻነት አሠሪንና ፌስቡክን ያስራል ብሎ ማሰብ

አንደኛው ማሻሻያ የሚጀምረው “ኮንግረስ … ሕግ አያወጣም” ብሎ ነው። ሃይማኖት፣ ንግግር፣ ፕሬስ፣ ሰላማዊ ስብሰባና ለመንግሥት አቤቱታ ማቅረብ፣ አምስቱም የተጠበቁት ከመንግሥት ነው። ዛሬ “መንግሥት” ሲባል ፌዴራሉ ብቻ ሳይሆን ስቴቱ፣ ከተማው፣ ፖሊሱና የሕዝብ ትምህርት ቤቱም ይገባሉ። የግል ኩባንያ፣ ዩቲዩብ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ወይም የእድር ሰብሳቢ ግን አይገቡም። እድሩ ማይክ ቢነጥቅዎ ቅር ሊልዎት ይችላል፤ የሕገ መንግሥት ጥያቄ ግን አይደለም።

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በለጠፉት ነገር ምክንያት ከግል ድርጅት የተባረሩ ሰዎች በአንደኛው ማሻሻያ ክስ ለመመሥረት ሲሮጡ ሌላ ቦታ የነበራቸውን መብት ጊዜው ያልፍባቸዋል። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በፆታ ወይም በትውልድ አገር እንዳያድል ይከለክላል። አቤቱታው የሚቀርበው ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ሲሆን ጊዜው ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን አንሥቶ 180 ቀን ነው፤ የስቴቱ ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት ባለበት ቦታ 300 ቀን ይሆናል። ከባልደረባ ጋር ስለ ደመወዝ ማውራትን የሚጠብቀው ደግሞ የፌዴራሉ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ነው። ሁለቱም ከሕገ መንግሥቱ ውጭ ያሉ ተራ ሕጎች ናቸው፤ ለተራው ሠራተኛ ግን ከአንደኛው ማሻሻያ ይልቅ የሚጠቅሙት እነሱ ናቸው።

የመንግሥት ሠራተኛ ሁኔታው ይለያል። እንደ ዜጋ በሕዝብ ጉዳይ ላይ ሲናገር በ1968ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት የፒከሪንግ ውሳኔ ጥበቃ አለው። የሥራ ግዴታው አድርጎ የጻፈው ማስታወሻ ግን በ2006ቱ የጋርሴቲ ውሳኔ መሠረት ጥበቃ የለውም። አንድ ባለሥልጣን ከፌስቡክ ገጹ ቢያግድዎትስ? በ2024 በሊንድኪ ጉዳይ የተቀመጠው መለኪያ ሰውየው በመንግሥት ስም የመናገር ሥልጣን ነበረው ወይ፣ ያንንስ ሥልጣን ተጠቅሞ ነበር የጻፈው ወይ የሚል ነው። የልጁን ልደት ፎቶ ከለጠፈበት ገጽ ቢያግድዎ መልሱ ከከተማው ማስታወቂያ ገጽ የተለየ ነው።

“የጥላቻ ንግግር ወንጀል ነው” ማለት

ኢትዮጵያ በዚህ ላይ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አላት፤ ብዙ የአውሮፓ አገሮችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። አሜሪካ ግን የለም። ንግግሩ ስለሚያስቀይም ወይም ዘር ስለሚያንቋሽሽ ብቻ መንግሥት አይቀጣም፤ በ2017 በማታል ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ደግሞ አጽንቶታል። መስመሩ ያለው በ1969ኙ የብራንደንበርግ ውሳኔ ላይ ነው፦ ንግግሩ ወዲያውኑ የሚፈጸም ሕገ ወጥ ድርጊት ለመቀስቀስ ታስቦ የተነገረና ድርጊቱንም ሊያስከትል የሚችል መሆን አለበት። እውነተኛ ዛቻ ግን ጥበቃ የለውም። በ2023ቱ የካውንተርማን ውሳኔ መሠረት ዐቃቤ ሕግ ተናጋሪው ቃሉ እንደ ዛቻ ሊወሰድ እንደሚችል እያወቀ ቸል ማለቱን ቢያስረዳ በቂ ነው። ስለዚህ በላይቭ ላይ “እገሌን እንዲህ አደርገዋለሁ” ብሎ በስም መዛት በአማርኛም ቢሆን ያስከስሳል።

“በተጨናነቀ ቲያትር ቤት እሳት! ብሎ መጮኽ ክልክል ነው” የሚለው አባባል የመጣው በ1919 ከሸንክ ጉዳይ ነው። ክርክሩ ወታደራዊ ምልመላን በተቃወመ በራሪ ወረቀት ላይ እንጂ በእሳት ላይ አልነበረም፤ ዳኛ ሆምስ እግረ መንገዳቸውን ያነሡት ምሳሌ ነው። የውሳኔው መለኪያም በብራንደንበርግ ተተክቷል። ዛሬ ይህን እንደ ሕግ የሚጠቅስ ሰው ግማሽ ምዕተ ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል።

“ሚራንዳ ስላላነበቡልኝ ክሱ ይሰረዛል”

ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው፤ ጥፋቱ የፖሊስ ፊልሞች ነው።

በ1966 በ5 ለ4 ድምፅ የተሰጠው የሚራንዳ ውሳኔ ፖሊስ አራት ነገር እንዲናገር ያስገድዳል፦ ዝም የማለት መብት አለዎት፤ የሚናገሩት ማስረጃ ሊሆንብዎት ይችላል፤ ጠበቃ የማግኘት መብት አለዎት፤ መክፈል ካልቻሉ ይመደብልዎታል። ግዴታው የሚጀምረው ግን ሁለት ነገር ሲገጣጠም ብቻ ነው፦ ሰውየው በቁጥጥር ሥር መሆኑና መጠየቁ። መኪናውን አቁሞ “ስንት ጠጣህ?” የሚል የትራፊክ ፖሊስ በተለመደው ሁኔታ ሚራንዳ የማንበብ ግዴታ የለበትም፤ ይህ በ1984 በቤርከመር ጉዳይ ተወስኗል። እስር ቤት ሲመዘገቡ ስምና አድራሻ ሲጠየቁም አይነበብም። ሳይጠየቁ ራስዎ የዘረገፉት ወሬም ጥበቃ የለውም።

ማስጠንቀቂያው ሳይነበብ ቢቀርስ? ክሱ አይሰረዝም። ከማስረጃነት የሚወጣው የተናገሩት ቃል ነው፤ ዐቃቤ ሕግ በዋናው ማስረጃነት ሊያቀርበው አይችልም። እርስዎ ምስክር ሆነው ቀርበው የተለየ ነገር ቢናገሩ ግን ያው ቃል ሐሰተኛነትዎን ለማሳየት ሊወጣ ይችላል (ሃሪስ፣ 1971)። በቃሉ ምክንያት የተገኘ ዕቃም፣ ቃሉ ተገድዶ የተሰጠ ካልሆነ በቀር፣ ማስረጃነቱን አያጣም (ፓታኔ፣ 2004)። በ2022 ደግሞ በቬጋ ጉዳይ ሚራንዳ ባለመነበቡ ብቻ ፖሊሱን ለካሣ መክሰስ እንደማይቻል ተወሰነ። ኤርነስቶ ሚራንዳ ራሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከረታ በኋላ በሌላ ማስረጃ እንደገና ተከስሶ በ1967 ጥፋተኛ ተብሏል።

ቀጥሎ የሚመጣው ስህተት ዝም ማለት ብቻውን ይበቃል ብሎ ማመን ነው። በ2010ሩ የበርጊስ ጉዳይ ተጠርጣሪው ሦስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ አልፎ አልፎ ከሚጥላት ቃል በቀር ዝም ብሎ ቆይቶ በመጨረሻ ለአንድ ጥያቄ “አዎ” አለ፤ ያቺ ቃል ማስረጃ ሆነችበት። ፍርድ ቤቱ የዝምታ መብቱን እጠቀማለሁ ብሎ በግልጽ አልተናገረም አለ። “ምናልባት ጠበቃ ባነጋግር ይሻል ይሆን” ማለትም በ1994ቱ የዴቪስ ውሳኔ መሠረት ጠበቃ እንደ መጠየቅ አይቆጠርም። የእኛ ይሉኝታ ያለበት አነጋገር እዚህ ላይ ክፉኛ ይጎዳል። አረፍተ ነገሩ አጭርና ቁርጥ ያለ ይሁን፣ ከተቻለ በእንግሊዝኛ፦

“አይ ዊል ሪሜይን ሳይለንት። አይ ዋንት ኤ ሎየር።” (ዝም እላለሁ። ጠበቃ እፈልጋለሁ።)

ቋንቋው የሚያስቸግር ከሆነ “አይ ኒድ አን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር” (የአማርኛ አስተርጓሚ ያስፈልገኛል) ይጨመራል። ከዚያ በኋላ በትክክል ዝም ማለት ነው። ጠበቃ ከጠየቁ ጠበቃው እስኪመጣ ምርመራው መቆም አለበት (ኤድዋርድስ፣ 1981)፤ እርስዎ ራስዎ ወሬውን መልሰው ከከፈቱ ግን ጥበቃው ይነሳል። ከእስር ቤት ስልክ ደውሎ ለዘመድ ጉዳዩን ማስረዳትም ሌላ ወጥመድ ነው። ጥሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ይቀዳሉ፤ በአማርኛ ስላወሩ ማንም አይሰማም ማለት አይደለም፤ አስተርጓሚ በየቦታው አለ።

መዋሸት ግን ከዝምታ ጋር አይምታታ። ለፌዴራል መርማሪ ስለ ጉዳዩ ፍሬ ነገር ውሸት መናገር ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ዝምታ መብት ነው፤ የሐሰት ስም መስጠት መብት አይደለም። በአንዳንድ ስቴቶች ደግሞ ፖሊስ በበቂ ጥርጣሬ ካስቆመ ስም መናገር ግዴታ ሊሆን ይችላል (ሃይቤል፣ 2004)።

“እሺ” የሚለው ቃል የሚያስከፍለውን አለማወቅ

አራተኛው ማሻሻያ ያለ አግባብ ከመበርበርና ከመያዝ ይጠብቃል። ፖሊስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አያስፈልገውም፤ ሰውየው ራሱ ስለሚፈቅድለት። በ1973ቱ የሽኔክሎዝ ውሳኔ መሠረት ፖሊሱ “እምቢ ማለት ትችላለህ” ብሎ የማሳወቅ ግዴታ የለበትም። “መኪናህን ባየው ቅር ይልሃል?” ሲባል “የለም፣ ችግር የለም” ማለት ፈቃድ ነው። በር ከፍቶ ገለል ማለትም እንደ ፈቃድ ሊወሰድ ይችላል። ማለት ያለብዎት “አይ ዱ ኖት ኮንሰንት ቱ ኤ ሰርች” (ለፍተሻ ፈቃድ አልሰጥም) ነው። ፖሊሱ ቃልዎን አልፎ ከበረበረ በእጅ አይከላከሉት፤ ሕገ ወጥነቱን በኋላ ጠበቃው ለዳኛው ያሳያል። እጅ ማንሣት አዲስ ወንጀል ይጨምራል፣ ሕይወትም ሊያስከፍል ይችላል።

መኪና ከቤት ያነሰ ጥበቃ አለው። ወንጀል ነክ ነገር እንዳለ የሚያሳምን ምክንያት ካለ ከ1925 ጀምሮ ያለ ትእዛዝ ሊፈተሽ ይችላል። ሾፌሩም (1977) ተሳፋሪውም (1997) ውረዱ ሲባሉ መውረድ አለባቸው። በሌላ በኩል ቲኬቱ ከተጻፈ በኋላ አነፍናፊ ውሻ እስኪመጣ ብቻ ማቆየት በ2015ቱ የሮድሪጌዝ ውሳኔ ተከልክሏል። ስልክን በተመለከተ የ2014ቱ የራይሊ ውሳኔ ዳኞቹ ሁሉ የተስማሙበት ነው፦ ሰው ስለ ተያዘ ብቻ ስልኩን ያለ ትእዛዝ መክፈት አይቻልም። ይህ ግን አገር ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደለስ ኤርፖርት የደረሰ መንገደኛ ስልክ በድንበር ደንብ ይታያል፤ መኮንኖቹ በእጅ ለሚያደርጉት ተራ ፍተሻ የዳኛ ትእዛዝ አይጠየቁም።

ቤት የሚጋሩ ሰዎች ደግሞ ይህን ይወቁ። ቤዝመንት ያከራየ ባለቤት በተከራዩ ክፍል ላይ ለፖሊስ ፈቃድ መስጠት አይችልም (ቻፕማን፣ 1961)። የጋራ ሳሎንና ኩሽና ላይ ግን አብሮ የሚኖረው ሰው መፍቀድ ይችላል። ሁለቱም በር ላይ ቆመው አንዱ “አይሆንም” ካለ ፖሊሱ በሌላው ፈቃድ ብቻ አይገባም (ራንዶልፍ፣ 2006)። እምቢ ያለው በሕጋዊ መንገድ ተይዞ ከሄደ በኋላ ግን የቀረው ሰው ቢፈቅድ ይበቃል (ፈርናንዴዝ፣ 2014)።

ወረቀት ይዘው በር ሲያንኳኩ ወረቀቱን በመስኮት ወይም በበሩ ሥር እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። የሚታየው ሦስት ነገር ነው፦ የፍርድ ቤቱ ስም፣ የዳኛው ፊርማ፣ ትክክለኛው አድራሻ። የኢሚግሬሽን መኮንን የፈረመበት የመያዣ ቅጽ አይ-200 ወይም አይ-205 የሚል ቁጥር ይኖረዋል፤ ዳኛ የፈረመበት የብርበራ ትእዛዝ አይደለም፤ ሁለቱን እንደ አንድ አይቁጠሩ።

ጠበቃ በነጻ በሁሉም ፍርድ ቤት ይመደባል ብሎ መጠበቅ

ክላረንስ ጊዲዮን በፍሎሪዳ፣ ፓናማ ሲቲ ውስጥ አንድ የፑል ቤት ሰብሮ ገብቷል ተብሎ በ1961 ተከሰሰ። ጠበቃ ቢጠይቅ ስቴቱ የሚመድበው ሞት ለሚያስፈርድ ክስ ብቻ ነው ተባለ። አምስት ዓመት ተፈርዶበት ከእስር ቤት በእርሳስ የጻፈው አቤቱታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1963 ዘጠኙም ዳኞች ፈረዱለት። በድጋሚ ችሎት ጠበቃ ቆሞለት በነጻ ተለቀቀ።

ይህ ሁሉ ግን ለወንጀል ክስ ነው፤ በቀላል ወንጀል ደግሞ በተግባር እስራት ሲፈረድ ነው (ስኮት፣ 1979)። ለፍቺ፣ ከቤት ለመባረርና ለዕዳ ክስ የጊዲዮን መብት የለም። ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤትም እንደ ሲቪል ጉዳይ ስለሚታይ ጠበቃ ማቆም ይቻላል፤ ሕጉ ግን ወጪው በመንግሥት ላይ እንደማይሆን በግልጽ ያስቀምጣል። “ይመድቡልኛል” ብሎ ባዶ እጁን የቀረበ ሰው ቀጠሮ ሊያገኝ ይችላል፤ ጠበቃ ግን አያገኝም።

ግሪን ካርድ ይዞ በወንጀል ለተከሰሰ ሰው ከጊዲዮን እኩል መታወቅ ያለበት የ2010ሩ የፓዲያ ውሳኔ ነው። የሆንዱራስ ተወላጁ ሆሴ ፓዲያ ከ40 ዓመት በላይ በሕጋዊ ነዋሪነት ኖሯል፤ በቬትናም ጦርነት ለአሜሪካ ተዋግቷል። ጠበቃው “ብዙ ዘመን ስለኖርክ አትጨነቅ” ብሎት ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ ጥፋቱ ግን ከአገር የሚያስባርር ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተከላካይ ጠበቃ የመባረር አደጋውን ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት አለ። ስለዚህ ጥፋተኛ ነኝ ከማለትዎ በፊት ለጠበቃው “ዜጋ አይደለሁም” ይበሉት፤ ምክሩንም በጽሑፍ ይጠይቁ። “እስር የለውም፣ ፕሮቤሽን ብቻ ነው” የሚለው ማጽናኛ ኢሚግሬሽን ላይ ዋጋ ላይኖረው ይችላል። ውሳኔው ከ2010 በፊት ላበቁ ጉዳዮች ወደ ኋላ እንደማይሠራም በ2013 ተወስኗል።

መብቱን ለዜጋ ብቻ ማድረግ፣ ወይም ለሁሉም ማድረግ

ሕገ መንግሥቱ አንዳንድ ቦታ “ሰው”፣ አንዳንድ ቦታ “ዜጋ” ይላል። ተገቢው የሕግ ሥርዓትና በሕግ እኩል ጥበቃ ማግኘት “ለማንኛውም ሰው” ነው። በ1886 በሳን ፍራንሲስኮ ላውንደሪ የነበራቸው ቻይናውያን የረቱት (የክ ዎ)፣ በ1982ም ሰነድ የሌላቸው ልጆች ከሕዝብ ትምህርት ቤት እንዳይባረሩ የተወሰነው (ፕላይለር) በዚህ ቃል ነው። ልጅ ሲያስመዘግቡ ትምህርት ቤቱ የመኖሪያ አድራሻ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል፤ የኢሚግሬሽን ወረቀት የለውም ብሎ ግን ሊመልሰው አይችልም።

የመምረጥ መብት ግን ሌላ ነው። አሥራ አምስተኛው ዘርን፣ አሥራ ዘጠነኛው (1920) ፆታን፣ ሃያ አራተኛው (1964) የምርጫ ግብርን፣ ሃያ ስድስተኛው (1971) ከ18 ዓመት ጀምሮ ዕድሜን እንቅፋት እንዳይሆኑ ከልክለዋል፤ አራቱም የሚናገሩት ስለ ዜጎች ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ቢሰጥ ወንጀል ነው፤ ከአገርም ሊያስባርር ይችላል። አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው መንጃ ፈቃድ ሲወጣ ነው። ቅጹ ላይ “መራጭ ሆነው መመዝገብ ይፈልጋሉ?” የሚል ሳጥን አለ፤ ቸኩሎ ምልክት ያደረገና “ዜጋ ነኝ” በሚለው ሥር የፈረመ ሰው ከዓመታት በኋላ ለዜግነት ሲያመለክት ይጠየቅበታል። ሳጥኑን ባዶ ይተዉት። በስህተት ተመዝግበው ካርድ ከደረሰዎት ድምፅ አይስጡ፤ ስምዎን ከማሰረዝዎ በፊትም የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግሩ።

በሜሪላንድ ስቴት፣ ሐበሻ የሚበዛበት የሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤት የሆነው ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በከተማ ምርጫ እንዲሳተፉ ይፈቅዳል። ይህ ለከተማው ምክር ቤትና ከንቲባ ብቻ ነው፤ የከተማውን ፈቃድ ይዞ ለፕሬዚዳንት ድምፅ መስጠት ያው ጥፋት ነው።

ሕገ መንግሥቱን ማን እንደሚያሻሽል መሳት

ፕሬዚዳንቱ በማሻሻያ ላይ አይፈርምም፣ ሊሽረውም አይችልም፤ ይህ ከ1798 ጀምሮ የታወቀ ነው። ማሻሻያ የሚቀርበው ከሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ወይም 34 ስቴቶች ጠይቀው በሚጠራ ጉባኤ ነው፤ ሁለተኛው መንገድ እስካሁን ሥራ ላይ አልዋለም። የሚጸድቀው 38 ስቴቶች ሲቀበሉት ነው። የፍጥነቱን ልዩነት ለማየት ሃያ ስድስተኛው በ1971 በጥቂት ወራት ሲያልፍ፣ ስለ ኮንግረስ አባላት ደመወዝ የሚናገረው ሃያ ሰባተኛው በ1789 ቀርቦ የጸደቀው በ1992 ነው። ኮንግረስ በ1789 የላከው 12 ሐሳብ ነበር፤ በ1791 ያለፉት አሥሩ ቢል ኦፍ ራይትስ (የመብቶች ድንጋጌ) ሆኑ፣ ደመወዙ ሁለት መቶ ዓመት ጠበቀ።

የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ከሕግም ከሕገ መንግሥትም በታች ነው። ዜናው “ፕሬዚዳንቱ መብቱን ሰረዙ” ቢልም ትእዛዙ ወደ ፍርድ ቤት መሄዱ አይቀርም።

ውሳኔን በርዕሱ ማንበብ

ከኢትዮጵያ ለመጣ አንባቢ እዚህ ላይ የልማድ ልዩነት አለ። እዚያ ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ ዳኞች ይተረጉማሉ፤ ሥልጣኑ ግን በሰነዱ በግልጽ አልተጻፈም፤ በ1803 በማርበሪ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ራሱ ያጸናው ነው። የዳኞቹ ቁጥር ዘጠኝ መሆኑም በሕገ መንግሥቱ የለም፤ በ1789 ስድስት ነበሩ፣ ዘጠኝ ሆነው የጸኑት በ1869 በወጣ ተራ ሕግ ነው።

ውሳኔ ሲያነቡ ብዙ ሰው የሚጠቅሰው የመጀመሪያዎቹን ገጾች ማጠቃለያ ነው። እዚያው ላይ በትንሽ ፊደል ማጠቃለያው የውሳኔው አካል እንዳልሆነ ተጽፏል። ዋናውን የአብላጫ ድምፅ ክፍል ይፈልጉ፤ “ዲሴንት” የሚል ከሆነ የተሸናፊዎቹ ሐሳብ ነው፣ ምንም ቢያምር አያስርም። የ“384 ዩ.ኤስ. 436” ዓይነት ቁጥር ሲያዩ ቅጽ 384፣ ገጽ 436 ማለት ነው፤ ሚራንዳ እዚያ ይገኛል። ከዚያ ውሳኔው እስካሁን በሥራ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። የ1896ቱ ፕሌሲ “ተለያይተው እኩል” የሚለውን ፈቀደ፤ የ1954ቱ ብራውን በትምህርት ቤት ላይ ጣለው። የ1973ቱ ሮ በ2022 በዶብስ ተሽሯል። ዶብስ ግን ፅንስ ማቋረጥን በመላው አገሪቱ አልከለከለም፤ ጉዳዩን ወደ ስቴቶች መለሰው፤ ለዚህ ነው ድንበር ሲሻገሩ ሕጉ የሚለወጠው። ብራውንም በማግሥቱ ትምህርት ቤቶችን አልቀላቀለም፤ አፈጻጸሙን የሚመለከተው ሁለተኛው ውሳኔ በ1955 ወጥቶ “በተቻለ ፍጥነት” ዓይነት ልል ቃል ስለተጠቀመ ብዙ የደቡብ ወረዳዎች ዓመታት አጓተቱት።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኙን አልቀበልም ሲል የሥር ፍርድ ቤቱን ደገፈ ማለትም አይደለም። ጉዳይ ለመስማት የአራት ዳኞች ፈቃድ ይበቃል፤ በዓመት ከሚመጡት ሺዎች የሚሰሙት ከመቶ ያነሱ ናቸው። ጁን 27 ቀን 2025 “ካሳ” (CASA) በተባለው ጉዳይ የተሰጠው ውሳኔም በብዙዎች ዘንድ “የልደት ዜግነት ተሻረ” ተብሎ ተወራ። ያን ቀን የተወሰነው የሥር ዳኞች ትእዛዛቸውን በመላው አገሪቱ ማዳረስ ይችላሉ ወይ በሚለው ላይ ነበር፤ አሥራ አራተኛው ማሻሻያ ስለ ልደት ዜግነት፣ ማለትም አሜሪካ ተወልዶ ዜጋ ስለ መሆን፣ የሚለውን በዚያ ውሳኔ አልዳኙም።

በአሮጌ የፈተና ወረቀት ማጥናት

ለዜግነት ያመለከቱት ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ከሆነ ፈተናው አዲሱ ነው፦ 128 ጥያቄ ይጠናል፣ እስከ 20 ይጠየቃሉ፣ 12 መመለስ ያሳልፋል፣ 9 መሳት ይጥላል። ከዚያ በፊት ፎርሙን ያስገባ ሰው በቀድሞው የ100 ጥያቄ ዝርዝር ይፈተናል፤ ከ10 ጥያቄ 6 መመለስ ይበቃዋል። ዩቲዩብ ላይ ያሉት የአማርኛ ቪዲዮዎች ብዙዎቹ የቀድሞውን ስለሚያስጠኑ መጀመሪያ ያስገቡበትን ቀን ይዩ።

ዕድሜው 65 ሞልቶት ግሪን ካርድ ከያዘ 20 ዓመት ያለፈው ሰው የሚያጠናው ተለይተው ምልክት የተደረገባቸውን 20 ጥያቄዎች ብቻ ነው። እሱም፣ 50 ዓመት ሞልቶት 20 ዓመት ወይም 55 ሞልቶት 15 ዓመት ግሪን ካርድ የያዘውም፣ ከእንግሊዝኛው ነጻ ናቸው፤ አስተርጓሚ ይዘው በአማርኛ መፈተን ይችላሉ። እማማና አባባ ይህን ሳያውቁ ፊደል ቆጠራ ላይ ዓመት የሚፈጁት በከንቱ ነው።

ሴናተርዎ ማን ነው፣ ገዥዎ ማን ነው የሚሉት መልሶች እንደ መኖሪያዎ ይለያያሉ፤ ከምርጫ በኋላም ይለወጣሉ። ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ሰው ግን የሜሪላንድን ወይም የቨርጂኒያን ስም አይዋስ፤ ትክክለኛው መልስ ዲሲ ሴናተርም ገዥም የለውም ነው።